የኩላሊት እጥበት ሥልጠና ለጤና ጣቢያም ይድረስ

በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይቆያል ብንል፣ በዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ነርሶች ዓይን ሥር የሚሆነው በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን 156 ሰዓት በቤቱ፣ በመንገድ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያሳልፈዋል። በእነዚህ ሰዓታት ትኩሳት ቢይዘው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ክንዱ ቢደማ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ የኩላሊት ስፔሻሊስት ሳይሆን በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። አቅም አጥሯቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠቡም ብዙ ስለሆኑ፣ ለእነርሱ የማሽኑ ጊዜ ወደ 8 ሰዓት ዝቅ ይላል። እኔ የተካፈልኩባቸው የዲያሊስስ ሥልጠናዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የተዘጋጁት ማሽኑ አጠገብ ለሚቆመው ባለሙያ ነበር።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ የዲያሊስስ ክፍል ከሠራሁ በኋላ ወደ ሰሜን ሸዋ ተመልሼ በማገልገል ላይ ስለምገኝ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአጣዬ ለሚነሣ ታካሚ ግን መንገዱ ከዚህ እጅግ ይረዝማል፤ በክረምት በጣርማ በር ተራራ ለሚያልፈው ጉሙ ሲጨመርበት ደግሞ ሰዓቱን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። በዚህ ርቀት ላይ ያለ ሰው የሚድነው ወይም የሚሞተው በአካባቢው ያለው ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሚያደርገው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው እምነት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የክንዱን ጉዳይ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ኒውዮርክ ውስጥ በእጅ አንጓ አካባቢ ደም ቅዳንና ደም መልስን በቀዶ ሕክምና አገናኝተው ለእጥበት እንደሚያገለግል ካሳወቁ ወዲህ፣ ይህ በክንድ ላይ የሚሠራ ፊስቱላ ለረጅም ጊዜ እጥበት ከሁሉ የተሻለው የደም መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ከተሠራ በኋላ ደም መልሱ ሰፍቶና ግድግዳው ጠንክሮ በየጊዜው መርፌ ለመቀበል እስኪደርስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ጥቂት ወራት ይፈጅበታል። ብዙ ወጪና ብዙ ትዕግሥት የጠየቀው ይህ መስመር በአንድ የደም ግፊት መለኪያ ጥብቀት ሊዘጋ ይችላል። በፊስቱላው ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበት በደም ሥር የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) አይገባም፣ ቱርኒኬት (ደም ሥር እንዲወጣ የሚታሰረው ማሰሪያ) አይታሰርም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ግን ከዲያሊስስ ክፍል ውጪ ስንቱ ባለሙያ ያውቀዋል?

የእኛ አካባቢ ብርድም በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ሰው ሹራብ ደርቦ፣ ከላይ ጋቢ ተከናንቦ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው። ወረፋው ሲበዛ ባለሙያው ሙሉውን እጅጌ ሳያስገልጥ ለመጣለት ክንድ መለኪያውን ያስራል፤ ፊስቱላው ከሹራቡ ሥር ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ሥልጠናው «አትለኩ» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃውም። መለኪያውን ከማንሣት በፊት ሁለቱን ክንዶች ገልጦ የማየትንና «ኩላሊት ታጥበው ያውቃሉ? ክንድዎ ላይ የተሠራ ነገር አለ?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ማስረጽ አለበት።

በአንድ ወረዳ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ባዘጋጀነው አጭር ሥልጠና ላይ አንድ አዛውንት ታካሚ በፈቃዳቸው መጥተው አብረውን ዋሉ። ስለ ፊስቱላ ንዝረት በስላይድ ያሳየሁትን ሁሉ ተሳታፊዎቹ ጽፈው ነበር፤ አዛውንቱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሲሰበስቡ ግን ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ። ከፊት የቆመችው ወጣት ነርስ ለመንካት ስታመነታ አይተው «አትፍሪ ልጄ፣ መዳፍሽን አሳርፊበት» አሏት። አሳረፈችበት፤ ከዚያም ቀና ብላ «ውይ ጋሼ! ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?» ስትል ጠየቀቻቸው። «ሌትም ቀንም ነው እንጂ። ዝም ያለ ዕለት ነው እኔ መሮጥ ያለብኝ» ብለው መለሱላት። ቀፎን በውጪ በኩል ሲዳስሱ እንደሚሰማው የንብ እንቅስቃሴ ያለውን ያን ንዝረት አንድ ጊዜ በእጁ የዳሰሰ ባለሙያ፣ የጠፋ ዕለት ምን እንደጎደለ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ንዝረቱ ከጠፋ ደም ረግቶ ተዘግቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ታካሚው ለቀጣዩ ቀጠሮ ሳይሆን በዚያው ቀን መላክ አለበት። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር መስመሩን መልሶ የመክፈት ዕድሉ ይጠባል።

የክንድ ጥበቃ ከእጥበት በፊትም መጀመር አለበት። ስኳር ወይም የደም ግፊት ኖሮበት ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን መድከም የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) እየጨመረ የመጣ ሰው ነገ የሚሠራለት ፊስቱላ ዛሬ በደም መልሶቹ ጤንነት ላይ የተመሠረተ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው መርፌ ሲያስፈልግ በተቻለ መጠን ከመዳፉ ጀርባ መውጋትና በክንዱ ላይ የሚወጡትን ትልልቆቹን ደም ሥሮች መተው ይገባል። ይህን ማድረግ ተጨማሪ መሣሪያም ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም። በዚሁ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም መታሰብ አለበት፤ ኩላሊት እየደከመ በሄደ ቁጥር ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚቀንስ፣ እጥበት ከጀመሩ በኋላ መጠኑን እጥፍ አድርጎ ከመስጠት አስቀድሞ መከተብ ይሻላል።

ፊስቱላ ያልደረሰለት ታካሚ በአንገቱ ወይም በደረቱ በኩል ካቴተር፣ ማለትም ወደ ትልቅ ደም ሥር የሚደርስ ቱቦ፣ ይገባለታል። ይህ ካቴተር ለእጥበት ብቻ ነው። ጫፎቹ ብዙውን ጊዜ ደም እንዳይረጋ በሄፓሪን ተሞልተው ስለሚዘጉ፣ ሳያውቅ መድኃኒት ሊሰጥበት የገፋ ባለሙያ ያንን ሄፓሪን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይልከዋል። ካቴተር ያለው ሰው ብርድ ብርድ ብሎት፣ አንቀጥቅጦት፣ አተኩሶት ከመጣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የደም ኢንፌክሽን እንዳለበት ታስቦ ሊታይ ይገባል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ሸዋ ሮቢትና ስለ ቀወት ቆላ ሳስብ ነው። እዚያ ትኩሳት ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ መታሰቡም ትክክል ነው። ነገር ግን የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ የካቴተሩ ጉዳይ አይዘጋም፤ የሚቻል ከሆነ ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ በፊት የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ተሕዋስያን መኖራቸውን የሚያሳይ ምርመራ) ተወስዶ፣ የማይቻል ከሆነም ለእጥበት ክፍሉ ወዲያው ተደውሎ መላክ አለበት።

ስለ ካቴተር ካነሣሁ ዘንድ ስለ ጸበል መናገር ግዴታዬ ነው። በሰሜን ሸዋ የምንኖር ሁላችን ሸንኮራ ዮሐንስን እናውቃለን፤ ከየአቅጣጫው ሕሙማን የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ እኔም ራሴ የማከብረው ነው። እኔ የማውቃቸው ሥልጠናዎች ስለ ጸበል አንዲት መስመር እንኳ የላቸውም፤ ታካሚዎቻችን ግን ይጠመቃሉ፣ ይጠጣሉ። ጉዳዩን ያላነሣ ባለሙያ ታካሚው እንዲደብቀው ያደርገዋል፤ ከልክሎ የሚቆጣ ባለሙያ ደግሞ ታካሚውን ያጣዋል። የካቴተሩ መውጫ ውኃ ከነካው ተሕዋስያን መግቢያ ያገኛሉና፣ ጥምቀቱ ከወገብ በታች እንዲሆን ወይም በእርጭት እንዲፈጸም ከካህኑ ጋር ተነጋግሮ መስማማት ይቻላል። የሚጠጣውም ቢሆን በዕለቱ ከተፈቀደው ፈሳሽ ላይ ተቆጥሮ በትንሽ ጽዋ ሊወሰድ ይችላል። ከካህናት ጋር በዚህ መልክ ስነጋገር ተቃውሞ ገጥሞኝ አያውቅም፤ እንዲያውም «ልጄ፣ ቀድማችሁ ብትነግሩን ኖሮ» ያሉኝ አሉ።

የፈሳሹ ስሌት ለምን እንደሚያስጨንቀን በቁጥር ላሳይ። ሽንት ለማይሸና ሰው የሚፈቀደው ፈሳሽ በአብዛኛው በቀን ከአንድ ሊትር አይበልጥም፤ ጠላው፣ ቡናው፣ የወጡ መረቅ ሁሉ የሚቆጠረው ከዚሁ ነው። ማሽኑ ትርፉን ፈሳሽ የሚያወጣበት ፍጥነት በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመከራል፤ ሲበልጥ ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ልብም ይጎዳል። ደረቅ ክብደቱ፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ሳይኖርበት ያለው ክብደት፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በአራት ሰዓት እጥበት በዚህ ልክ የሚወጣለት 3 ሊትር ከ120 ሚሊ ሊትር ነው። አምስት ኪሎ ጨምሮ የመጣ ዕለት ቀሪው ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ወይ ከውስጡ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ በግድ ወጥቶ ያደክመዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ታካሚውን ሚዛን ላይ አውጥታ ቁጥሩን በደብተር ብትይዝለት፣ ይህ ነገር እዚያ ከመድረሱ በፊት ይታወቅ ነበር። ጨው ካልቀነሰ ደግሞ ጥሙን መቋቋም አይችልምና፣ ውኃ ከመከልከል በፊት ስለ ጨው መነጋገር ይቀድማል።

ትንፋሽ አጥሮት በሌሊት የመጣ የእጥበት ታካሚ ሳንባው ውኃ መቋጠሩ አስቀድሞ ሊጠረጠር ይገባል። አንድ ታካሚ በአንድ ጤና ተቋም፣ «ደክሟል» ተብሎ፣ ጉሉኮስ ተተክሎለት ሲብስበት አይቻለሁ፤ የተከሉለት ባለሙያዎች የተማሩትን ነው ያደረጉት፤ ያልተማሩትን ማንም አልነገራቸውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቀና ተደርጎ ይቀመጣል፣ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ሳይዘገይ ወደ እጥበት ይላካል። ፈሳሽ የሚያስሸና መድኃኒትም ሽንት ለማይሸና ሰው አይሠራለትም። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ የቀረችውን የኩላሊት አቅም ሊያጠፋ ይችላል፤ አልሙኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ።

ከሁሉ ይልቅ በድንገት የሚገድለው በምግብ የሚገባውና ጤነኛ ኩላሊት የሚያስወግደው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል፤ ምልክቱ የእግር መክበድና የጡንቻ መዛል ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጨርሶ ምልክት ሳይሰጥም ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ32 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በሳምንቱ ውስጥ ያለው ረጅሙ የሁለት ቀን ክፍተት ሲያልቅ ባለው ዕለት ሞት ከሌሎቹ ቀናት እንደሚጨምር አሳይቷል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚታጠብ ሰው ይህ ክፍተት ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላል፤ ሰርጉ፣ ሰንበቴውና ማኅበሩ ያሉትም በእነዚሁ ቀናት ነው። መንገድ ተዘግቶ ወይም ገንዘብ አጥሮ አንድ እጥበት የዘለለ ሰውም ከዚሁ ተራ ይመደባል። እንደዚህ ያለ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ብሎ ሲመጣ ኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) ያለው ጤና ተቋም ሳይውል ሳያድር ሊያነሣለት፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ያለውም ልቡን ለማረጋጋት ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ ፖታሲየሙን አያወጣውም።

በምግብ ምክሩ ላይ ከከተማ የተጻፈ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ሙዝና ብርቱካን አትብሉ ብሎ የሚጀምር ወረቀት፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ድንች ለሚበላ የደጋ ገበሬ ስለ ማዕዱ ምንም አልነገረውም። በጾም ወራት ደግሞ ሽሮና ክክ የየዕለት ምግብ ነው። ጥራጥሬውን ሙሉ በሙሉ መከልከል ሰውየውን ፕሮቲን ያሳጣዋልና፣ መጠኑን መወሰን፣ ድንቹን ልጦና ከትፎ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ የገብሱን እንጀራና ቆሎ ጨው ሳይበዛ መመገብ የሚሉት ምክሮች ተግባራዊ ናቸው። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቱ እንዲያውቁት ማድረግም የባለሙያው ሥራ አካል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላት ሥርዓት አለና።

በእጥበት ክፍሉ ውስጥ ለሚሠሩትም ቢሆን ሥልጠናው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። አንድ ታካሚ በአንድ እጥበት ብቻ ደሙ 120 ሊትር ከሚያህል ውኃ ጋር በቀጭን ሽፋን ተለያይቶ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ ውኃ ለእጥበት ንጹሕ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ውስጥ በካሩዋሩ ከተማ በአልጌ መርዝ የተበከለ ውኃ ለእጥበት ውሎ ከ50 በላይ ታካሚዎች ሞተዋል። ለቧንቧ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪንም ከካርቦን ማጣሪያው አልፎ ከገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል፤ በዚህ ምክንያት ጠቅላላ ክሎሪኑ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ በየፈረቃው ታካሚ ከመግባቱ በፊትም መለካት አለበት። ይህን የሚያደርገው ነርስ ወይም ቴክኒሺያን ምክንያቱን ካላወቀ፣ ሥራ በበዛበት ጠዋት ቁጥሩን ሳይለካ መሙላት ይቀለዋል። መብራት ሲጠፋ የማሽኑን የደም ፓምፕ በእጅ አሽከርክሮ ደምን ወደ ታካሚው መመለስም በወረቀት ፈተና የሚታወቅ ችሎታ ስላልሆነ፣ በየጊዜው በእጅ መለማመድን ይጠይቃል።

የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ጋር መያያዙ በእኔ እይታ ጥሩ እርምጃ ነው። የምፈራው የምስክር ወረቀቱ ቁጥር የሥልጠናውን ይዘት እንዳይተካው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በሆቴል አዳራሽ በእንግሊዝኛ ስላይድ ተሰጥቶ፣ ከመጨረሻው ፈተናና ከውሎ አበሉ በኋላ የሚረሳ ሥልጠና፣ በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ በአማርኛ ከሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት አይሻልም። ከሦስት ወር በኋላ አሠልጣኙ ተመልሶ ባለሙያዎቹ ሁለቱን ክንድ ገልጠው ሲያዩ፣ ንዝረት ሲፈልጉ፣ የመላኪያ ደብዳቤ ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሞ ቢመለከት፣ ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠረው ነጥብ ለዚህም ቢሰጥ፣ ከእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ነርስ ለአንድ ሳምንት እጥበት ክፍል ውስጥ ገብታ ብትሠራ ለውጡን በዓይናችን እናየዋለን። ሥልጠናውን እንዲሰጡ ከሚመረጡት መካከል ታካሚዎች ራሳቸው ቢኖሩ ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል፤ አበሉም ለእነርሱ መከፈል አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ በእጥበት ክፍሉና በጤና ጣቢያው መካከል ወረቀት ካልተመላለሰ ሥልጠናው ጎዶሎ ይሆናል። ከእጥበት ክፍል ወደ አገሩ የሚመለስ ታካሚ በኪሱ የሚይዘው አንዲት ካርድ ያስፈልገዋል፦ ደረቅ ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ የደም መንገዱ በየትኛው ክንድ ወይም በየትኛው ጎን እንደሚገኝ፣ የሄፓታይተስ ምርመራው ውጤት፣ የሚታጠብባቸው ቀናት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የክፍሉ ተረኛ ስልክ። ጤና ጣቢያውም ታካሚውን ሲያገኝ ያደረገለትን በካርዱ ጀርባ ጽፎ ይመልሳል። የስልኩ ቁጥር የአንድ ሰው የግል ስልክ ሳይሆን ፈረቃ ሲቀያየር አብሮ የሚተላለፍ የክፍሉ ስልክ መሆን አለበት፤ እሑድ ሌሊት ከሸዋ ሮቢት የምትደውለው ተረኛ ነርስ የሚያነሣላት ሰው ማግኘት አለባትና። የካርዱን ናሙና ሁለት የዲያሊስስ ነርሶችና እኔ አዘጋጅተን ጨርሰናል፤ በወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ልትሞክሩት የምትፈልጉ ባልደረቦች ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።